ከዲዮሜዴስ ስም በላይ ያለው ፊት

«ይሄን ነገር ከግድግዳዬ ላይ አንሱልኝ አላልኩም?» አለች ኤውላሊያ። ከጠዋት ጀምሮ ስትለው አራተኛ ጊዜዋ ነው።

የሰማት የለም። ሰምተውም ከሆነ እንዳልሰማ ሆነዋል። ባሏን ገና ትናንት የቀበረች ሴት ያሻትን ብትናገር «ሐዘኑ ነው የሚያናግራት» ተብሎ ይታለፋል እንጂ ማን ይታዘዛታል? የቀድሞ የቤዝቦል ኳስ ተጫዋቾች ማኅበር ሊቀ መንበር ዶን ኤልፒዲዮ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቡናውን ፉት አለና በኩራት ወደ ግድግዳው ቀና አለ።

«እንዴት አምሮ እንደወጣ! ሳን ፔድሮ ከተማ ድረስ ሄጄ ነው ያሳተምኩት። ከዚያች መዳፍ ከማትሞላ ካርድ በር የሚያህል!»

«ዶን ኤልፒዲዮ።»

«አቤት።»

«ማን ነው ይሄ?»

«ምስሉ? ዲዮሜዴስ ነዋ። ማለቴ... ካርዱ የዲዮሜዴስ ነው።»

«ፊቱስ የማን ነው?»

ዶን ኤልፒዲዮ ዝንብ የገባበት ይመስል ስኒውን አተኩሮ አየው። «ፊቱማ... ፊቱ እንግዲህ የፋውስቲኖ ነው። ግን ይሄን የማያውቅ ማን አለ?»

ነገሩ ይኸው ነው። ዲዮሜዴስ ፊፕስ በሕይወቱ አንድ ካርድ ብቻ ተሠርቶለታል። አሜሪካኖች ከማስቲካ ጋር አሽገው የሚሸጡት፣ የኳስ ተጫዋች ምስል ያለበት ካርድ ነው። ከጀርባው ስሙ፣ ቁመቱ፣ የተወለደበት ቀን፣ የተጫወተው ጨዋታ ብዛት ሁሉም የእሱ ነው። ገልበጥ ሲያደርጉት ግን የቡድኑን ኮፍያ ደፍቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የቆመው ሌላ ሰው ነው። ፋውስቲኖ ላንቲጓ ነው። የዲዮሜዴስ አብሮ አደግ፣ አበልጁ፣ ከስኳር ፋብሪካው ጀርባ የሚኖረው፣ ዛሬም ፍየሎቹን ይዞ ሲዞር የዋለው ፋውስቲኖ።

ያንን ፊት ነው እንግዲህ ከነጩ የጸሎት ጠረጴዛ በላይ የሰቀሉት። ከሥሩ ሻማ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ሁለት ማሰሮ ነጭ አበባ። ከዚያም በታች በትልልቅ ፊደል፦ ዲዮሜዴስ ፊፕስ፣ ነፍሱን በገነት ያኑርልን።

ከሰዓት በኋላ ዶኛ ክሪሳንታ መጣች። መንደሩ ውስጥ የዘጠኝ ቀኑን የሙታን ጸሎት የምትመራው እሷ ናት፤ አርባ ዓመት መርታለች። መቁጠሪያዋን ከደረቷ አውጥታ ልትንበረከክ ስትል ቀና አለች። መነጽሯን አወለቀች። ጠረገችው። መልሳ አደረገችው።

«ይሄ ሰውዬ ምን ይሠራል እዚህ?»

«የሟቹ ምስል ነው፣ ዶኛ ክሪሳንታ» አለች ኦቲሊያ። የዲዮሜዴስ ታላቅ እህት ናት፤ ምስሉ እንዲሰቀል ሽንጧን ገትራ የተከራከረችውም እሷው ናት።

«አይደለም። ይሄ ፋውስቲኖ ነው። ዛሬ ጠዋት በደጄ ሲያልፍ እንደምን አደርሽ ብሎኛል።»

«ካርዱ እኮ ነው...»

«ስሚ ልጄ፣ እኔ ጠዋት ደህና አደርክ ያልኩትን ሰው ከሰዓት በኋላ ነፍስ ይማር አልለውም። በቁሙ ያለ ሰው ላይ የሙታን ጸሎት ከተደገመ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?» መቁጠሪያዋን መልሳ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ወይ እሱ ይወርዳል፣ ወይ እኔ እሄዳለሁ።»

«ይኸው!» አለች ኤውላሊያ። «ይኸው! እኔ ስናገር ዕብድ ነኝ!»

ኦቲሊያ ግን ያባቷ ልጅ ናት፤ ከፊፕስ ቤት እሺ የሚል ሰው ወጥቶ አያውቅም። «ወንድሜ አሜሪካ ትልቁ ሊግ መግባቱን የሚመሰክር ሌላ ምን አለን?» ብላ ስታለቅስ ሰው ሁሉ አዘነላት። መጨረሻ ላይ ታረቅን ተብሎ ጸሎት ሲጀመር ምስሉን በአንሶላ እንዲሸፍኑት፣ ጸሎት ሲያልቅ እንዲገልጡት ሆነ። ጸሎት ሲያልቅ ነው ለቀስተኛው ቡናና ብስኩት ይዞ ምስሉ ሥር ቆሞ የሚያወራው። «ምነው ይሄን ያህል ወጣት ሆኖ!» ይላሉ ማዶ ካለው መንደር የመጡት፣ የማያውቁት፣ ፋውስቲኖን እያዩ። «ዓይኑ ሲያምር! አይ ሞት!»

ኤውላሊያ ጥርሷን ነክሳ ትቀመጣለች። ምን ታድርግ?

*

ዲዮሜዴስን ያወቀችው በሱሪው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከእናቷ ጋር የፋብሪካውን ቡድን ልብስ ታጥብ ነበር። የሜዳው አፈር ቀይ ነው፣ ያዝ ካደረገ አይለቅም። የስምንቱ ሱሪ ቆሻሻ ሲደመር የአንዱን አያህልም። አንድ ቀን እጇ ቆስሎ ሱሪውን ራሷ ይዛለት ሄደች።

«ይሄ የአንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«በደረት ነው እንዴ የምትሄደው? ሌላው ሰው በእግሩ ሲሮጥ?»

ሳቀ። የፊት ጥርሱ መሃል ክፍተት አለው፤ ጆሮዎቹ ደግሞ ከኮፍያው በሁለቱም ወገን ጎልተው ይወጣሉ። «ኳሷ ናት የምትጥለኝ» አላት። «ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ ቆማ እንድትጠብቀኝ እነግራታለሁ።»

የሚቀጥለው እሁድም ሱሪው ያው ነበር። እሷ ግን እጇ መቁሰሉን መቁጠር ተወች።

ሁለቱ፣ ዲዮሜዴስና ፋውስቲኖ፣ በአንድ ቀን ነው የተፈረመላቸው፤ በአንድ አውሮፕላን ነው አሜሪካ የሄዱት። የሄዱበት ቡድን ውስጥ ሁለቱም በሁለተኛውና በሦስተኛው ማዕዘን መሃል የሚቆሙ ነበሩ። ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው። ፋውስቲኖ በሁለተኛው ዓመት፣ በመጋቢት፣ ገና ልምምድ ላይ ሳሉ ተባረረና ተመለሰ። ዲዮሜዴስ ቀረ። በሐምሌ ትልቁ ሊግ ጠራው። ሠላሳ ስምንት ጨዋታ ተጫወተ። አንድ ጊዜ ኳሷን ከአጥሩ ውጭ ሰደዳት፤ መንደሩ ያንን ቀን በሬዲዮ ሰምቶ እስኪነጋ ሲጨፍር አደረ። በመስከረም አንድ ግዙፍ ሰውዬ ማዕዘኑ ላይ ሊደርስ እየተንሸራተተ መጥቶ ጉልበቱን መታው። አለቀ። ካርዱ የታተመው በሚቀጥለው ዓመት፣ እሱ ጉልበቱን በጨርቅ ጠምጥሞ እናቱ በረንዳ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። አንድ የድሮ ባልደረባው ሁለት ካርድ በፖስታ ላከለት።

ኤውላሊያ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ፖስታውን ከፍታ አየችው፤ ገለበጠችው፤ መልሳ አየችው።

«ይሄ ፋውስቲኖ ነው» አለች።

«እህ» አለ ዲዮሜዴስ። «ያ ፎቶ አንሺ ተሳስቶ ይሆናላ። ለእነሱ ዶሚኒካን ሁሉ አንድ ነው።»

«ተሳስቶ! ዝም ልትል ነው?»

«ምን ላድርግ? ልቀይር ፊቴን?»

እሱ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ቄሱ ዘንድ ሄዳ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ አስጻፈች። መልስ የለም። በዓመቱ ደግማ አስጻፈች። በሦስተኛው ካርዱን የሚያትመው ድርጅት ለተከበሩ ደንበኛችን ብሎ አንድ እሽግ ማስቲካ ላከላት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰባት ደብዳቤ! ሁለት ቄስ ሞቶ ሦስተኛው መጥቷል። ዲዮሜዴስ በየጊዜው «ተይው ላሊያ፣ ተይው» ይላታል፣ እሷ ደግሞ «አልተወውም» ትለዋለች። ፎቶ ሊያነሱት ሲመጡ እጁን ያወናጭፍና «ሂዱ ፋውስቲኖን አንሱት፤ የእኔን ፊት እሱ ነው የሚጠብቅልኝ» ብሎ ያስቃቸዋል። እንዲህ እንዲህ ሲል ሳይነሳ ቀረ። የሰርጋቸው ፎቶ የሰባ ዘጠኙ አውሎ ነፋስ ጣሪያውን ሲወስደው አብሮ ሄዷል። ልጅ አልወለዱም፤ ፎቶ አስቀምጦ የሚቆያት ልጅም የለ።

*

በአምስተኛው ቀን ዶን ኤልፒዲዮ ሌላ መርዶ ይዞ መጣ።

«ኤውላሊያ፣ ማኅበሩ አንድ ነገር ወስኗል። ደስ ይልሻል።»

«ሰሞኑን ደስ ያለኝ ነገር የለም፤ እስቲ ሞክር።»

«መቃብሩ ላይ የሚለጠፍ የሸክላ ምስል አዝዘናል። ዝናብ አይፍቀው፣ ፀሐይ አያደበዝዘው። በዘጠነኛው ቀን፣ ጸሎቱ ሲያበቃ፣ ሁላችንም ሄደን እንለጥፈዋለን።»

«ከየትኛው ምስል?»

ዶን ኤልፒዲዮ ግድግዳውን አየ።

«አይደረግም!» ከወንበሯ ተነሳች። «ባሌን ቀብሬ ላዩ ላይ የሰው ባል ልትለጥፉብኝ ነው?»

«ታዲያ ምን እናድርግ? ሌላ ፎቶ አምጪና እንቀይራለን። ሸክላ ሠሪው እስከ ስምንተኛው ቀን ይጠብቀናል።»

ገብታ የዲዮሜዴስን መታወቂያ አመጣች። ያለው እሱ ነው። ዶን ኤልፒዲዮ ከዓይኑ አርቆ አየው፣ ለኦቲሊያ አቀበላት። ኦቲሊያ በመዳፏ አፏን ሸፈነች።

«ይሄማ ፍየል ሰርቆ የተያዘ ነው የሚመስለው» አለች።

እውነቷን ነው፣ ይመስላል። ኤውላሊያ ራሷም አልወደደችውም። መታወቂያው ላይ ያለው ያበጠው፣ የደከመው፣ የመጨረሻው ዓመት ዲዮሜዴስ ነው። እሷ የፈለገችው ያንን ባለ ቀይ ሱሪ ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው የባሰው ነገር የመጣባት። ጓዳ ገብታ ዓይኗን ጨፍና ልታስታውሰው ሞከረች። ጆሮዎቹን አመጣች። እሺ። ጥርሱን አመጣች። ሁለቱን አንድ ላይ ልታደርጋቸው ስትል ከኮፍያው ሥር የወጣው ፋውስቲኖ ሆነ። እንደገና ሞከረች። አሁንም ፋውስቲኖ። አምስት ቀን ሙሉ ጠዋት ማታ ስታየው ከርማ በወጣቱ ባሏ ላይ ተለጠፈበት። ሸክላው ከተለጠፈማ በቃ፤ መቃብሩ ጋ በሄደች ቁጥር የምታገኘው ያንን ነው፤ እሷ ራሷ ረስታው ልትሞት ነው።

ደግሞ ሰውየው ራሱ የት አለ? አበልጁ ሞቶ፣ መንደሩ እንዳለ ተሰልፎ ሲመጣ፣ ፋውስቲኖ አንድ ቀን ብቅ አላለም! ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሞ አይታዋለች። ከዚያ ወዲያ የለም። አንድ ፎቶ እንኳ፣ አሜሪካ አብረው የተነሱት አንድ ፎቶ እንኳ ቢኖረው!

«ጥሩልኝ» አለች። ሰው ላከች፤ አልመጣም። በስድስተኛው ቀን ደግማ ላከች። «አሞኛል ብሏል» አሏት። ዶኛ ክሪሳንታ አማተበች። «አላልኳችሁም? በቁሙ ጸልየንበት ነዋ!»

በሰባተኛው ቀን፣ ገና ለቀስተኛው ሳይበዛ፣ ኤውላሊያ ጥቁር ሻሿን አሰረችና በሩን ከፈተች።

«ወዴት ነው?» አለች ኦቲሊያ።

«ፋውስቲኖ ዘንድ።»

«ዘጠኙ ሳይወጣ? ባልቴት ከቤት ትወጣለች እንዴ? ሰው ምን ይላል!»

«ሰው ሰባት ቀን ሙሉ ሲል ሰማሁት። እሱ የሌላ ሰው ዓይን እያየ ሲያምር ይላል።» ወጣች።

መንደሩ በየበረንዳው ቆሞ አያት። ዶሚኖ የሚጫወቱት እንኳ ጠጠራቸውን እንደያዙ ቀሩ። እሷ ቀጥ ብላ፣ በፋብሪካው ግንብ ሥር፣ በሐዲዱ ተሻግራ ሄደች።

*

ፋውስቲኖ የፍየሎቹን አጥር በሽቦ እያሰረ ነበር። በሽታ የሚባል ነገር አይታይበትም።

«አሞኛል አልክ?»

ደንግጦ ሽቦው ከእጁ ወደቀ። «ኤውላሊያ! አንቺ... ከቤት...»

«ወጣሁ። አንተ ካልመጣህ እኔ ምን ላድርግ? ሰባት ቀን! አበልጅ ተብለህ! ልጅህን ክርስትና ያነሳ ሰው ሞቶ!»

«መጥቼ ነበር።»

«መቼ?»

«በመጀመሪያው ቀን።» ኮፍያውን አውልቆ በእጁ አሸው። «በሩ ላይ ደረስኩ። ገባ ልል ስል ግድግዳው ላይ ራሴን አየሁት። ሻማ በርቶልኛል። ሴቶቹ ያለቅሱልኛል። አንዲቱማ ደረቷን ትደቃለች። አንቺ ብትሆኚ ትገቢ ነበር?»

ሳቋ መጣባት፤ ተናደደችበት፤ መልሳ ዋጠችው። «ለመሳቅ አልመጣሁም። ፎቶ ፍለጋ ነው የመጣሁት። አሜሪካ ሳላችሁ አብራችሁ የተነሳችሁት የለህም? መቃብሩ ላይ አንተን ሊለጥፉብኝ ነው።»

«መቃብር ላይ?» ፋውስቲኖ አጥሩን ተደገፈ። «የለኝም፣ ኤውላሊያ። ማን አነሳን? ያነሳን አንድ ሰውዬ ነው፣ እሱም ለካርዱ።»

«እሱማ! ያ ዕውር!»

አንዲት ፍየል መጥታ የኤውላሊያን ቀሚስ ጠርዝ መጎተት ጀመረች፤ በእግሯ ገፋቻት።

«ዕውር አልነበረም» አለ ፋውስቲኖ።

«ምን?»

«ፎቶ አንሺው። አልተሳሳተም። ተቀመጪ እስቲ።»

«አልቀመጥም። ተናገር።»

«ዲዮሜዴስ ሁልጊዜ ከሁላችን ቀድሞ ነበር የሚነሳው፣ ታውቂዋለሽ። እዚያ ልማድ አለ። የሚባረረውን ሰው ስም ጠዋት በር ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ በቀይ ይሰርዙታል። ያን ቀን ጠዋት አይቶ መጣ፤ ምንም አላለኝም። እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። ጉንጩን በእጁ ይዞ መጣና ‹ጥርሴን አሞኛል፣ ፊቴ አብጧል፣ ዛሬ ፎቶ አንሺው ይመጣል፤ የእኔን ሸሚዝ ልበስና ቁምልኝ› አለኝ። ‹እንዴት ብዬ?› አልኩት። ‹ሰውየው የሚያየው የጀርባ ቁጥር ነው፤ ስም ሲጠይቅህ ፊፕስ በል› አለኝ። ሄድኩ። ቆምኩ። ፊፕስ አልኩ። ተነስቼ ስጨርስ ቢሮ ጠሩኝና አሰናበቱኝ።»

ኤውላሊያ ሳታስበው አጥሩ ሥር የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው የገባኝ። ፊቱ አላበጠም ነበር። ምንም አልሆነም። እንደምባረር አይቶ፣ ባዶ እጄን እንዳልመለስ፣ ፊቴ እንኳ ካርድ ላይ እንዲወጣ ነው።»

«እና አንተ ዝም አልክ?»

«ከጉልበቱ በኋላ ሲመለስ ጠየቅኩት። ‹እኔ ገና ዐሥር ካርድ ይሠሩልኛል ብዬ ነበር› አለኝ። ‹አንዱን ለአንተ ብሰጥ ምን ይጎድለኛል ብዬ ነበር› አለኝ።» ፋውስቲኖ ፊቱን ወደ ፍየሎቹ አዞረ። «አንድ ብቻ ሆነ።»

ኤውላሊያ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ሰባት ደብዳቤ!»

«አውቃለሁ።»

«ሰባት! በእንግሊዝኛ! ቄሱን ስለምን፣ ድርጅቱን ስራገም! ያንን ምስኪን ፎቶ አንሺ ሠላሳ ዓመት በየምሽቱ ስረግመው! ማስቲካ ሲልኩልኝ ባሌ አብሮኝ ቁጭ ብሎ አኝኮታል እኮ!»

«እየሳቀ ይነግረኝ ነበር። ‹ላሊያ ዛሬም አጻፈች› ይለኛል።»

«ለምን አልነገረኝም? ሚስቱ አይደለሁም?»

«እኔ ነኝ እንዳይነግርሽ የለመንኩት... የለም፣ ልዋሽሽ አይገባም። አልለመንኩትም። እሱ ራሱ ነው። ‹ካወቁ የዲዮሜዴስን ምጽዋት ይዞ ይዞራል ይሉሃል፤ ፈረንጅ ተሳሳተ ከተባለ ግን ሰው ይስቃል፣ ያልፋል› አለኝ። እውነቱን ነው። መንደሩ ሳቀ፤ አለፈ። ያላለፍሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እኔ!» ተነሳች። መልሳ ተቀመጠች። ማንን ትስደብ? የሚሰደበው ሰው ከመሬት በታች ነው። «ይሄ ሰው! ይሄ ደረቅ! በሕይወት ቢኖር ዛሬ እኔው ነበርኩ የምገድለው!»

ከዚያ እንባዋ መጣ። ከቀብሩ ወዲህ ገና መምጣቱ ነው። ፍየሏ ደግሞ እንደገና ቀሚሷን መጎተት ጀመረች።

ቆይታ፣ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ፣ «ምን ይመስል ነበር?» አለችው።

«ማን?»

«ዲዮሜዴስ። ያን ቀን። ስትነሳ የት ነበር?»

«እዚያው ነበር እንጂ! ፎቶ አንሺው እዚህ ቢሆን...» ፋውስቲኖ በእጁ አየሩ ላይ አሳያት። «ከጎኑ፣ በስተግራ፣ የኳስ ባልዲዎቹ ጋ። ጉንጩን ይዞ ቆሟል፣ ታሟል እኮ! ሰውየው ሊያነሳኝ ሲል ጥርስ ሕመሙን ረሳና ኮፍያውን አዙሮ ደፍቶ እንደ አሠልጣኛችን እየተንጓለለ መሄድ ጀመረ። ፎቶ አንሺው ‹አትሳቅ! አትሳቅ!› ይለኛል። እንዴት አልስቅ? ጆሮዎቹ እንደ ጀበና እጀታ ወጥተው፣ ያ ጥርሱ... ድንገት ደግሞ መታመሙን ሲያስታውስ ቶሎ ብሎ ጉንጩን ይይዛል። ልብ ብለሽ እይው ምስሉን። ዓይኔ ካሜራው ላይ አይደለም። እሱ ላይ ነው።»

*

ስትመለስ ቤቱ ሞልቷል። ሁሉም ዞሮ አያት። ኦቲሊያ ልትናገር አፏን ስትከፍት ኤውላሊያ ቀደመቻት።

«ይሄ ምስል ከጸሎቱ ጠረጴዛ ላይ ይወርዳል። እዚያ፣ መስኮቱ ጎን ይሰቀላል። አይጣልም። ጠረጴዛው ላይ መታወቂያው ይቀመጣል። ሸክላውም ከመታወቂያው ይሠራል።»

«ያ ፍየል የሰረቀው?» አለ ዶን ኤልፒዲዮ።

«ይስረቅ! ባሌ ነው።»

«ካርዱስ?» አለች ኦቲሊያ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ወንድሜ እዚያ መድረሱን ማን ያውቃል?»

ለኦቲሊያ ልትነግራት አፏ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሁሉንም፣ ባልዲውን፣ ጥርሱን፣ ቀዩን ስረዛ። ግን እሱ ሠላሳ ዓመት የያዘውን ምስጢር እሷ አንድ ከሰዓት መያዝ ካቃታት ምን ትባላለች? «ስሙን ከሥሩ አታይውም?» አለቻት ብቻ። «ፈረንጅ ተሳሳተ። እኛ ምን እናድርግ?»

ዶኛ ክሪሳንታ መታወቂያውን አነሳች፣ አየች፣ ሳመችውና ውኃው አጠገብ አስቀመጠችው። «እሱ ነው» አለች። ተንበረከከች።

በዘጠነኛው ቀን ፋውስቲኖ ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ መጣ። በሩ ላይ ቆም ሲል ማዶ ካለው መንደር የመጣች አንዲት ሴትዮ አየችው፣ ምስሉን አየች፣ መልሳ አየችውና ብስኩቷን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ኤውላሊያም ሳቀች። መቃብሩ ጋ ሄደው ያንን የተቆጣ፣ ያበጠ ፊት ሲለጥፉት ዶን ኤልፒዲዮ እያጉረመረመ ሲሚንቶውን የጠረገው ራሱ ነው። «ከነቁጣው ይሻላል» አለ በመጨረሻ። «ገና ሲያዩት መቃብሩ ላይ ቆሻሻ የሚጥል አይኖርም።»

ከሰዓት በኋላው ሲጋመስ ሰው ተበተነ። ጠረጴዛው ፈረሰ፣ ውኃው በር ላይ ተደፋ። የተከራዩትን ወንበሮች ሊወስዱ የመጡት ሰዎች እያነባበሩ ጫኑ። ኤውላሊያ አንዱን ይዛ ቀረች።

«ዶኛ፣ እሱም የእኛ ነው።»

«ትንሽ ቆዩልኝ።»

ወንበሩን ከምስሉ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ተቀመጠች። አይደለም፤ እዚህ ጋ ፋውስቲኖ አያያትም። ተነስታ ወንበሩን በስተግራ ገፋ አደረገችው። ገና ነው። ሌላ አንድ ክንድ ገፋችው። ተቀመጠች። አሁን ያ የሚስቅ ዓይን ቀጥ ብሎ እሷ ላይ አረፈ።

ሰዎቹ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

ኤውላሊያ ቀስ ብላ እጇን አነሳችና ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጉንጯን ያዘች።